ማሰሪያ አንቀጽ

በርሻ፣ ዱባይ፣ ነሐሴ። ውጭው አርባ አራት ነው።
ከመስታወቱ ወዲያ በረዶ የሚዘንበው
ሌሊት ነው፣ በፈረቃ፤ ፔምባ ማሽኑን ሲያስነሳው።
እኔ መሀል ላይ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ተንበርክኬ እግር ስለካ።

አፍራ መጣች ረቡዕ፣ አባያዋን ሰብስባ፣
በየካቲት ጆርጂያ ተራራ ልትወጣ አስባ።
"ሊፍት አልፈልግም" አለች፤ "በገዛ እግሬ ልድከም።
ቀላል ስጪኝ ብቻ፣ ኢቲ፤ እግሬ ላይ አይሁን ሸክም።"
ከመደርደሪያው ላይ ጠቆመች፤ ቢጫ፣ ቀጭን፣ ውድ፣
ዘጠኝ መቶ ግራም።

"ቁጭ በይ" አልኳት። ውስጠኛውን መዝዤ አወጣሁት፣
ባዶውን ቀፎ እግሯ ላይ አጠለቅሁት።
"ጣትሽን ወደ ፊት ግፊ፤ አፍንጫውን ይንካ።"
ከተረከዟ ኋላ ጣቶቼን ሰደድኩ፤
አንድ ተኩል ገባ። ቀኝ እግሯ ይሰፋል ለካ።

ልክ የሚባለው ቃል የጫማ ቁጥር ነው፣ ወሰንም ነው፣
አንዳንዴም እውነት ነው።
ይህን ለደንበኛ አልነግርም፤ በአረብኛ አይመጣልኝም።

ማሰሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት።
ከፊት ሁለት ካስማ፣ እንደ ጉንዳን መንጋጋ፣
የቡቱን አፍንጫ ነክሶ ይይዛል፤
ሲወጡ ተረከዝ ነፃ ነው፣ እንዳሻው ይነሳል፣
ሲወርዱ የኋላው ዞሮ ይቆልፈዋል።
"ታዲያ መቼ ይፈታል?"
"ስትወድቂ። ቁጥር አለው።
ክብደትሽን፣ ቁመትሽን፣ ዕድሜሽን ንገሪኝ፤ አትዋሺ።
ከላላ ዳገቱ ወገብ ላይ ጥሎሽ ይሄዳል፣
ከጠበቀ በሱ ፈንታ አጥንትሽ ይፈታል።"

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ መምህር ወንዳፍራሽ ቀይ እስክሪብቶ ነክሶ
"ማሰሪያሽ የታለ?" ይለኝ ነበር፣ ደብተሬን መልሶ።
ረጅም ረጅም እጽፍ ነበር፣
እየወጣሁ፣ እየወጣሁ፣
መውረጃው ሳይታየኝ።

"አንቺስ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ አፍራ።
ካስማውን በጨርቅ ወለወልኩ። ንጹሕ ነበረ።
"ነገ ነይ" አልኳት።

ሱቁ ሲዘጋ ፔምባ የጓሮውን በር ከፈተልኝ።
ቁጥራችን አንድ ነው፤ በግራ ቢጫውን አደረግሁ፣
በቀኝ ጥቁሩን፣ ከባዱን።
ከስኪው ሥር ቆዳ ለጠፍኩ፣ ወደ ፊት የሚንሸራተት፣
ወደ ኋላ የሚነክስ።
ፔምባ ሳቀ፦ "ሁለት ሰው ሆንሽ እኮ!"

ሸርተት፣ ረገጥ። ሸርተት፣ ረገጥ።
የቆመው ሊፍት ከላዬ፣ ወንበሮቹ ባዶ።
ግራዬ ክንፍ አወጣ፤ ቀኜ አጉረመረመ።
ግማሽ ላይ ላብ አጠመቀኝ፣
አውቶቡስ ጥበቃ ያላመጣው፣ ፀሐይ ያልሰጠችኝ፣
የራሴ ላብ።

ጫፉ ላይ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። በእጄ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ።
ከሱ ወዲያ ሌሊቱ ይግላል።

ተረከዜን ቆለፍኩ። ቀኙ "ቀጭ" አለ።
ግራው ግን ቁልቁል ሲያይ እንደ ካርቶን ታጠፈ፤
ሦስት ጊዜ ወደቅሁ፣ ሦስቱንም በግራ።
ማሰሪያው ፈታኝ፤ ቁጥሩን አልዋሸሁበትም ነበር።
የቀረውን በመቀመጫዬ ወረድኩ፣
ፔምባ በባትሪ እያበራልኝ፣ እየሳቀ፣ አትቸኩይ እያለ።

ሐሙስ አፍራ መጣች።
"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ልላት ፈለግሁ፤
ግማሹ አረብኛ ላይ ሳይደርስ ቀረ።
ክርኔ ላይ የበለዘውን አየች። ገባት።

ጥቁሩን ወሰደች፣ ሺህ አራት መቶ ግራሙን።
ውስጠኛውን በምድጃ አሞቅሁት፣ እግሯን ከተተች፣
ቁርጭምጭሚቷን እስኪማር አሥር ደቂቃ ቆመች፤
እኔም አብሬያት ቆምኩ፣ ምንም ሳንነጋገር።
ከዚያ ካርዱ ላይ ጻፍኩ፦ ስድስት ተኩል።
ከሥሩ ስሜን፣ እቴነሽ ብዬ፣ ሳላሳጥር፣
ከስሜ በኋላም
አራት ነጥብ።